መስታወቱ ላይ የተለጠፈው አፍንጫ

ሟቿ በውበት ሳሎኑ ተዘርጊ ወንበር ላይ እንደተጋደመች ነበረች። አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አንድ የመርፌ ነጥብ፣ ከፍ ብሎ ከዓይኖቿ መሃል ሌላ፤ ከዚያ እስከ ግንባሯ ቆዳዋ በልዟል። በሕይወቷ ያስቀየማት ነገር ቢኖር ይኸው አፍንጫ ነበር፤ አሁን እሱም ከእሷ ጋር ሊቀበር ነው።

መርማሪው ጎንበስ ብሎ አይቶ ቀና ሲል ባለሳሎኗ የእሱን ጎራዳ አፍንጫ እያየች ነበር። ልማድ ሬሳ ፊትም አይለቅም።

«የኔን በኋላ ትለኪዋለሽ፤ መጀመሪያ የሷን ንገሪኝ» አላት።

«እኔ ጫፉን ብቻ ነው የወጋሁት። አፍንጫ የሚያቃናውን ጄል ግማሹን ሲሪንጁ ውስጥ ትቼ ደንበኛ ላስተናግድ ወጣሁ። ስመለስ ‹ዓይኔ ጨለመብኝ› ትላለች፣ ሲሪንጁም ባዶ ነው። ግን ማን ያምነኛል? ፈቃድ እንኳ የለኝም። ስታሰር ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል?»

የሟቿ ታላቅ እህት ነርስ ናት። ሥራዋን ትታ እናታቸውን እስክትሞት ያስታመመችው እሷ ነበረች።

«ሁለቱንም ቦታ የወጋቻት ባለሳሎኗ ናት» አለች። «እኔ እጇን ይዤ ነበር።»

የሟቿ ባል የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ሚስቱ ስትወጋ በሩን እየከፈተ ሲገባና ሲወጣ ነበር።

«ይቅርብሽ ብያት ነበር» አለ። «‹አንተ አይገባህም› አለችኝ።»

መስታወቱ ላይ የተቆረጠ ፎቶ ተለጥፏል፤ ሰልካካ አፍንጫና ጉንጭ ብቻ።

«ይሄ የማን ነው?»

«የኔ ነው» አለች ነርሷ፣ ዞራ እንኳ ሳታይ። «ለናሙና አምጥታው።»

መርማሪው ባለሳሎኗን ወደ ጓዳ ጠርቶ የቀረውን ግማሽ ፎቶ ከመሳቢያ እንድታወጣ አደረገና ኪሱ ከተተው። ከቆሻሻ ቅርጫቱም ባዶውን ሲሪንጅ አነሳ።

በማግስቱ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰባቸው። ውሃ የተሞሉ አዳዲስ ሲሪንጆች ሰጣቸውና ትራስ አስቀመጠላቸው።

«እንደመጣላችሁ ውጉ።»

ባልየው ሲሪንጁን እንደ ካቻቪቴ ጨብጦ ትራሱን ሊበሳው ደረሰ። ባለሳሎኗ ወጋችና አንዴ ገፋችው። ነርሷ ወጋች፤ ከመግፋቷ በፊት ግን አውራ ጣቷ የሲሪንጁን መግፊያ ትንሽ ወደ ኋላ ሳበው።

«ለምን ሳብሽው?»

«ደም ስር ውስጥ እንዳይሆን። ደም ከመጣ መርፌውን...» ብላ ቆመች።

«ታወጪዋለሽ» አላት። ባዶውን ሲሪንጅ አሳያቸው፤ ጫፉ ላይ በቀረችው ጠብታ ጄል ደም ተቀላቅሎበታል። «አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ጄሉ በደም ስር ወደ ጭንቅላቷ መሄዱን ነግሮኛል። ባለሳሎኗ መሳብ የሚባል አታውቅም፤ ባልየው አያያዙንም አያውቅም። ይሄን የያዘው እጅ ግን ስቧል። ደሙን አይቷል። አይቶም ገፍቷል።»

ነርሷ ባዶዋን ወንበር አየች።

«‹ሴትዮዋ ታሳምመኛለች፣ አንቺ ጨርሽልኝ› አለችኝ። ልጨርስላት ነበር። ቀና ስል ያ ፎቶ። እኔ ከእናቴ አልጋ ሥር ሳረጅ እሷ ተማረች፣ አገባች። የቀረኝ መልኬ ብቻ ነበር፤ እሱንም ልትወስድ መጣች። ደሙን አየሁት። እጄን ማቆም እችል ነበር። አላቆምኩትም።»

ባልየው ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«ሟቿ ይሄን ፎቶ ስታመጣ ምን አለችሽ?» አለ መርማሪው ወደ ባለሳሎኗ ዞሮ።

«‹መልኳ እየጠፋብኝ ነው፤ መስታወት ባየሁ ቁጥር እንዳያት› ነው ያለችኝ።»

ሌላውን ግማሽ ከኪሱ አውጥቶ ነርሷ ፊት አስቀመጠው። ዓይኖችና ግንባር፤ እናታቸው በወጣትነቷ።

ነርሷ ፎቶውን ከመስታወቱ አነሳችና ሁለቱን ግማሾች ገጠመቻቸው። በልክ ገጠሙ። ዓመታት ሙሉ ያንን ፊት ያጠበችው እሷ ነበረች፤ ግን አላወቀችውም።