የግራው ክንፍ መብራት

«ቀዩስ?» አለ አበባው ከትንሿ አውሮፕላን ውስጥ አንገቱን አውጥቶ።

«አልበራም፣ አባዬ።»

አጥፍቶ እንደገና አበራው። በቀኙ ክንፍ ጫፍ አረንጓዴው፣ በጅራቷ ላይ ነጩ ቦግ አሉ። የግራው ግን ወይ ፍንክች።

ሂዊ የአምፖሉን ክዳን ፈትታ አየች። አባቷ ኮረንቲ በሚያመጣው ሽቦ ላይ ቀይ ፕላስተር ጠቅልሎ፣ «ይሄ ከመደመር ምልክቱ ጋር ነው። የድሮውን አምፖል በየትም ብታስሪው ይበራል፤ ይሄ ኤልኢዲ የሚባለው አዲሱ ግን ሽቦው ከተገለበጠበት አይበራም» ብሎ አስተምሯታል። ትናንት የክፍል ወሬ እየቀደደች ስታስር ገልብጣዋለች። ይኸው ቀዩ ፕላስተር ከመቀነስ ምልክቱ ጎን ሆኖ ያፈጥባታል።

«እንዳሳየሁሽ ነው አይደል ያሰርሽው?»

«አዎ» አለች። ክዳኑንም መልሳ አጠበቀችው።

አበባው ወርዶ ክንፉ ሥር ያለውን መስመር በመለኪያ ፈተሸ። ኮረንቲው ይመጣል። የልጁን ሥራ ከፍቶ ማየት አላስፈለገውም፤ አዎ ብላዋለች። «እንግዲህ አምፖሉ ራሱ ሞቷል ማለት ነው። ሌላ ከውጭ እስኪመጣ ወር ይፈጃል» አለ።

ወር ሙሉ። ሂዊ ደስታዋ እንዳይታወቅባት ፊቷን ወደ ቆርቆሮው ግድግዳ አዞረች።

ማን ይፈርድባታል? እናቷ ካረፈች ወዲህ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከአክስቷ ከአልጣሽ ጋር ነው የምትኖረው። አልጣሽ ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን ከሱቋ የምትመለሰው ደክሟት ነው፣ ወሬዋም «በላሽ?» እና «በሩን ቆልፊ» ነው። አበባው አዲስ አበባ የአውሮፕላን መካኒክ ነው፤ ብቅ የሚለው ለፋሲካ ብቻ። ዘንድሮ ግን ካፒቴን ደመላሽ የሚባሉ ሰው ይህችን አሮጌ አውሮፕላን ገዙ። ድሮ የአንበጣ መድኃኒት ትረጭ የነበረች ናት፤ ከከተማው ዳር፣ በቆርቆሮ መጠለያ ሥር ዓመታት ቆማለች። አበባውን እንዲያድሳት ላኩት። ሞተሩ ተነስቷል፤ የቀረው መብራቱ ነበር። እሱ እንዳለቀ ካፒቴኑ መጥተው አባቷን ከጎናቸው አስቀምጠው ወደ አዲስ አበባ ይበራሉ።

ሰሞኑን ሂዊ ከትምህርት ቤት ስትወጣ የሚጠብቃት ሰው ነበራት። ክንፉ ሥር ቁጭ ብለው ሻይ በዳቦ ይበላሉ፤ እሱም ያወራታል። «ቀይ በግራ፣ አረንጓዴ በቀኝ። ሰማይ ላይ ነጩን ብቻ ካየሽ፣ አውሮፕላኑ ካንቺ እየራቀ ነው» ብሏታል።

አሁን አባቷ ጀርባውን ሰጥቷት ስልክ ይነጋገራል።

«ካፒቴን፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከካርቶኑ ሳወጣው ሳላጋጨው አልቀርም።» አዳመጠ። «የለም፣ ልጄስ አይደለችም። እሷ ጠንቃቃ ናት።» አሁንም አዳመጠ። ድምፁ ዝቅ አለ። «ለሚቀጥለው ሥራ ሌላ መካኒክ ቢፈልጉ ይገባኛል።»

ስልኩን ኪሱ ከተተና ባዶ በርሜል ላይ ተቀመጠ። «ይኸው ደስ ይበልሽ፤ ወር አብረን ነን» አለ። ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። ሂዊ አጠገቡ ተቀመጠች። ዳቦውን ገምሶ ሰጣት። እሱ ግን አልበላም፤ እጆቹን እያገላበጠ ያያል።

«ድሮ እንዲህ አልነበርኩም» አለ። «እጄ እየከዳኝ ነው መሰለኝ።»

ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ብርድ በቆርቆሮው ቀዳዳ ይገባል። ሂዊ ብቸኝነትን የምታውቀው ባዶ ቤት ገብታ፣ እራት ብቻዋን በልታ ነው። አባቷ አጠገብ ተቀምጣ፣ ትከሻዋ ትከሻውን እየነካ፣ ከዚያ የባሰ ብቻዋን እንደምትሆን አስባ አታውቅም። የቀረውን ዳቦ አስቀመጠች።

ተነሳችና ካቻቪቴውን ያዘች። ክዳኑን ፈታች። ሁለቱን ሽቦዎች አቀያይራ አሰረች።

«አባዬ፣ ማብሪያውን ንካው።»

«ተይው ልጄ፣ ሞቷል እኮ።»

«ግዴለህም፣ ንካው።»

አበባው ወደ አውሮፕላኗ ወጥቶ ነካው። ቀዩ ቦግ አለ። ፊቷም እጇም ቀላ። አበባው ወርዶ መጣ። ፕላስተሩን አየ፣ ከዚያ እሷን አየ።

«ትናንት ተሳስቼ ነው» አለች። «ስትጠይቀኝ ግን አይቼው ነበር።»

ፕላስተሩን በጣቱ ዳሰሰ። ቢቆጣት ይቀላት ነበር።

«ለዚህች ወር ብለሽ?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ዘይት ዘይት በሚሸት እጁ ሳብ አድርጎ ደረቱ ላይ አስጠጋት። ከዚያ ስልኩን አወጣ፤ ግን ቶሎ አልደወለም።

«ነገ ይምጡ ልበላቸው?»

«በላቸው» አለች ሂዊ። «ጥፋቱ የእኔ እንደነበረም ንገራቸው።»

እሱ ሲደውል እሷ በክንፉ ሥር አልፋ ወደ ጅራቷ ሄደች። ነጩ መብራት ላይ የመጠለያው አቧራ አርፎበታል። የሹራቧን እጅጌ ስባ፣ ከሩቅ እንዲታይ፣ ደህና አድርጋ ወለወለችው።