አንዴ ብቻ የሚጠይቅ አስጎብኚ

«ኧረ ይቅርብን፤ አታስቸግሪው» አሉ እትዬ ዙሃራ። ዓይናቸው ግን በመስኮቱ ማዶ ከሚታየው ነጭ የመርከቦች መብራት ማማ ላይ አልተነቀለም።

ሩዋይዳ ማማው ጋ መውረድ ይፈልጉ እንደሆነ ወደ ጠየቃቸው አስጎብኚ፣ ወደ ብሬት ዞረች። «ኖ፣ ቴንክስ» አለችው። ብሬት «ኖ ዎሪስ» ብሎ ለሹፌሩ ምልክት ሰጠ፤ አውቶቡሱም ማማውን ጥሎ አለፈ።

«እንዴ! አለፈው እኮ!» የሚል ጩኸት ከኋላ መጣ።

ሩዋይዳ ግንባሯን ከፊቷ ያለው መቀመጫ ላይ ደፋች። ሁሉም የእናቷ ጣጣ ነው። ሰንሻይን ዌስት ሰፈር የሚኖሩ የወሎ አዛውንቶች የባሕር ዳርቻ ጉብኝት ሲያዘጋጁ «ሩዋይዳ ታስተረጉማለች» ብላ ቃል የገባችው እናቷ ናት። ሩዋይዳን ማን ጠየቃት? ያውም በኒስሪን ልደት ቀን! የልብ ጓደኛዋ ናት፤ አምና በዘመድ ሰርግ ምክንያት ስለቀረችባት ስንት ጊዜ አኩርፋታለች። ዛሬ ማታ ልደቱ የሚከበርበት ፊትዝሮይ ካልደረሰች በቃ፣ አለቀላት።

ኮዋላ የሚባሉ እንስሳት ያሉበት ዛፍ ጋ ሲደርሱ ብሬት እንደገና ጠየቀ፤ መውረድ ይፈልጋሉ?

«አይ፣ ሰውየው ይደክመዋል» አሉ ጋሼ አብዱልራህማን፣ የቡድኑ ታላቅ። ሩዋይዳም ያሉትን አንድም ሳታጎድል ነገረችው። አውቶቡሱ አለፈ።

«ምን ዓይነት ሰው ነው? አንዴ ጠይቆ ዝም?» አሉ እትዬ ዙሃራ። «ትንሽ እንኳን አይለምንም?»

«እናንተ ናችሁ እኮ እምቢ ያላችሁት!»

«ታዲያ ገና ሲጠይቀን ዘለን እሺ እንበል? ምን ይለናል?»

ሩዋይዳ ልትፈነዳ ደረሰች። እቤታቸው የሚመጣ እንግዳም እንዲሁ ነው፤ «በልቻለሁ፣ ጠግቤያለሁ» ሲል ቆይቶ እናቷ ስትለምነው ሳህኑን ጠርጎ ይበላል። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር ለብሬት ማን ያስረዳው?

አፖሎ ቤይ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ምሳ በልተው፣ ሣሩ ላይ ሰግደው ሲጨርሱ ብሬት ሰዓቱን አየ። ጊዜው ሄዷል። ባሕሩ ውስጥ የቆሙትን ትልልቅ ድንጋዮች ለማየት ከቀጠሉ ቤታቸው የሚገቡት አምሽተው ነው፤ ከዚህ ከተመለሱ ግን በጊዜ ይደርሳሉ። ምርጫው የእነሱ ነው።

የሩዋይዳ ልብ ዘለለ። ከዚህ ከተመለሱ ልደቱ ላይ ትደርሳለች! ጮክ ብላ ጠየቀቻቸው።

ጋሼ አብዱልራህማን ኮፍያቸውን አስተካከሉ። «ይበቃናል፤ ሰው አናስመሽ። እንመለስ በይው።»

መዋሸት እንኳን አያስፈልጋትም፤ የተባለችውን መናገር ብቻ ነው። ብሬት ይጠብቃል። እትዬ ዙሃራ ግን ጉዞው ከታሰበ ጀምሮ ስለ ድንጋዮቹ ያላወሩበት ቀን የለም። አሁን አንገታቸውን ደፍተው የሻርፓቸውን ጫፍ ያፍተለትላሉ።

ሩዋይዳ በረጅሙ ተነፈሰች። አቤት፣ እነዚህ ሰዎች!

«ጋሼ፣ በሞቴ እንሂድ።»

«ኧረ አይሆንም ልጄ፣ መሸ እኮ…»

«በሞቴ አልኩ! ወላሂ ሳታዩት አትመለሱም!»

«እንግዲህ እንዲህ ካልሽ…» አሉ ጋሼ አብዱልራህማን። ለብሬት ነግራው ሳትጨርስ አዛውንቶቹ በባሕሩ በኩል ያለውን መስኮት ለመያዝ ወደ አውቶቡሱ ይጋፉ ጀመር።

ሩዋይዳ ወደኋላ ቀርታ ኒስሪን ጋ ደወለች።

«አልደርስም» አለቻት። «ሶሪ።»

«ሲሪየስሊ? ደግሞ?» አለች ኒስሪን። «አስገድደውሽ ነው አይደል?»

ሩዋይዳ ወደ አውቶቡሱ አየች። እትዬ ዙሃራ ከመስኮቱ ሆነው «ነይ እንጂ፣ ምን ይጎትትሻል!» እያሉ ይጠሯታል።

«አይደለም» አለች። «እኔ ነኝ ያስገደድኳቸው።»