የወንድሟ አዲስ ትምህርት

«እዚያ ጥግ ብትለካው ምን ትሆናለህ?» አሉ አቶ አድማሴ። በማጭዳቸው የሚያሳዩት ሩዙ የቀጨጨበትን ጥግ ነው። ምርት የሚገምት ሰው በመጣ ቁጥር የደከመውን ማሳየት የአገሩ ልማድ ነበር፤ ብዙ አገኘ የተባለ ሰው መዋጮ ይበዛበታል።

የዛሬው ገማች ግን የገዛ ልጃቸው ሰውመሆን ነው።

«አይሆንም አባባ። ናሙናው በዕጣ ነው፤ ዕጣው ደግሞ እዚህ ወጣ።» ካስማውን የተንዠረገገው ሩዝ መሀል ቸከለ። ገመዱን የምትወጥርለት እህቱ ይርጋለም ነበረች።

«ገና ሳትማረው እንዲህ የሆንህ፣ ያን ስታትስቲክስ በማስተርስ ስትይዝማ እኔንም ትቆጥረኛለህ!»

አባቷ እየሳቁ ወደ ከብቶቹ ሄዱ። ይርጋለም ገመዱን ለቀቀችው።

«ስታትስቲክስ?»

«ልነግርሽ ነበር።»

«አንተ? ሥነ ጽሑፍ የተማርኸው?»

«ማሟያ ኮርስ አለው። መጀመሪያ እሱን እወስዳለሁ።»

ይርጋለም ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ክፍል ስትገባ ተፈጥሮ ሳይንስ ልትመርጥ ነበር። «ሰውን ማወቅ ከፈለግሽ ቁጥር ምን ያደርግልሻል?» ያላት እሱ ነው። አመነችው፤ ማኅበራዊ ሳይንስ ገባች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብራት የተቀመጠችው ጓደኛዋ ሰርክ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ ሄደች። ዛሬ ዛሬ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሲተላለፉ ሰላም ይባባላሉ፤ በቃ።

«ሰርክን ያጣኋት በአንተ ወሬ ነው።»

«ሥራ አጣሁ፣ ይርጌ። ይህን የመስክ ሥራ ሳገኝ ደግሞ ወደድሁት። እውነቴን ነው።»

«ውደደው! አባባ ሲያውቁ እኔ የማላውቀው ለምንድን ነው?»

ሰውመሆን አቀረቀረ። «አፈርሁሽ።» ከዚያ ፈጠን ብሎ፣ «ግን አታስቢ፤ ርዕሰ መምህሩን አነጋግሬልሻለሁ። ሰኞ ተፈጥሮ ሳይንስ ያዛውሩሻል።»

ፊቷ ጋለ። «ማን አነጋግርልኝ አለህ?»

«ለአንች ብዬ እኮ ነው።»

«ያን ጊዜም ለእኔ ብለህ ነበር።»

ይርጋለም ቁና ቁና እየተነፈሰች ጎንበስ አለችና ሩዙን ማጨድ ጀመረች። ማኅበራዊ ሳይንስ የገባችው በወንድሟ ቃል ነው፤ የታሪክ ትምህርቱን የወደደችው ግን ራሷ ናት። ታሪክን ማንም አልመረጠላትም።

«ሰኞ እኔው አነጋግራቸዋለሁ» አለች ቀና ሳትል።

«ምን ልትያቸው?»

መልሱን ታውቀዋለች፤ እዚያው ማኅበራዊ ሳይንስ ትቆያለች። ይህን አስቀድማ የምትነግራት ግን ሰርክን ነው፤ በእረፍት ሰዓት፣ ክፍሏ ድረስ ሄዳ።

«ሰርክ ከሰማች በኋላ ትሰማለህ» አለችው።