የሩበን ትራክተር

ኦርቪል ሉንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ በገዛ መጋዘኑ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ጀርባውን ለሲሚንቶው ግድግዳ እንደሰጠ ተቀምጧል። ደረቱ ላይ አንድ ቀይ የጓሮ ትራክተር ተደግፎበታል። የማሽኑ ቁልፍ ተከፍቷል፣ ማርሹ ገብቷል፣ የቤንዚን ማጠራቀሚያው ባዶ ነው። አጠገቡ ክዳኑ የተከፈተ ጀሪካን ቆሟል።

አስከሬን መርማሪው ነገሩን በቆመበት ጨረሰው። «ማርሹን ሳያወጣ ከፊት ቆሞ የማስነሻውን ገመድ ሳበ። ማሽኑ ዘሎ ገፋው፣ ጭንቅላቱ ከግድግዳው ተጋጨ። ሞተሩ ቤንዚኑ እስኪያልቅ ሠራና ጠፋ። አደጋ ነው፤ ፈርሚልኝ።»

የሸሪፉ ቢሮ መርማሪ ቬልማ ኖቫክ አልፈረመችም። ሬሳው አጠገብ ተንበርክካ፣ በደረቱና በማሽኑ መካከል የገባ ጨርቅ እያየች ብዙ ቆየች።

ከተማችን ስቶኒ ሪጅ ውስጥ ሰው ለመፍረድ የሚቸኩለውን ያህል በረዶ ለመጥረግ ቢቸኩል ኖሮ መንገዳችን ክረምቱን ሙሉ ንጹሕ በሆነ ነበር። ገና ሬሳው ሳይነሣ ካፌው ውስጥ ፍርድ ተሰጥቷል። ገዳይዋ ኢርማ ክሌም ናት፤ በእጇ ሳይሆን በአፏ። ትራክተሩን አስነሣልኝ ብላ የለመነችው እሷ መሆኗን ያልሰማ አልነበረም። ያ ሁሉ ሰው ኦርቪል ከሚስቱ ሞት በኋላ ስንት ክረምት ብቻውን እንደበላ አንድ ቀን ጠይቆ አያውቅም። በሞቱ ግን ሁሉም የቅርብ ዘመድ ሆነ።

ቬልማ መጀመሪያ የሄደችው ኢርማ ዘንድ ነው። ሴትየዋ ካፖርቷን እንደለበሰች ወጥ ቤቷ ውስጥ ተቀምጣለች። ጎረቤቶች ያመጡላት የተጋገረ ድንችና የቼሪ ኬክ ደጁ ላይ ተደርድሯል። አስቀምጠው ሄደዋል እንጂ በሩን ያንኳኳ የለም።

«ወይዘሮ ኢርማ፣ ትራክተሩ የማን ነበር?»

«የወንድሜ የሩበን። ሊያገባ ባሰበበት ዓመት ነው አዲሱን የገዛው። ለሚያገባት ሴት የአትክልት ቦታ ሊያርስላት። እሷ ሌላ ሰው አግብታ ሚልዋኪ ከተማ ቀረች። እሱም አንሶላ አልብሶ ጎተራ ውስጥ አቆመው። ዕድሜውን ሙሉ በጎኑ ሲያልፍ ይኖር ነበር እንጂ ገመዱን አልሳበውም።»

«ሲሞት ንብረቱ በጨረታ ተሸጠ።»

«ኦርቪል ገዛው። የጨረታው ቀን ቆሜ ሳለቅስ አይቶ ኬክ አመጣልኝ። ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ እኔ ጋ ነበር የሚበላው። አንድ ቀን፣ እስቲ አስነሣልኝ፣ የሩበን ማሽን ድምፁ ምን እንደሚመስል ልስማ አልኩት። ቅዳሜ አስነሥቼ አመጣልሻለሁ አለኝ።» ቀና ብላ ቬልማን አየቻት። «ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። የገደልኩት እኔ ነኝ?»

ቬልማ ማጽናኛ ቃል የምትወረውር ሴት አልነበረችም። «አላውቅም» አለች። «ሳውቅ ራሴ መጥቼ እነግርዎታለሁ።»

የኦርቪል የእህት ልጅ ክሬግ በሁለት እጁ ቢራና ሳንድዊች ይዞ በሩን በክርኑ ከፈተላት። ወራሹ እሱ ብቻ ነው።

«ከአጎትህ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ከአጎቴ ጋር ያልተጣላ ሰው ካለ አጎቴን አያውቀውም።»

«ቅዳሜ የት ነበርክ?»

«እዚህ ተኝቼ። ብቻዬን። ምን ላድርግ፣ ምስክር ቀጥሬ ልተኛ?»

«ቀዩን ትራክተር ምን ልታደርገው ነው?»

«እሱማ በቃው! ተነሥቶ የማያውቅ ሆኖ ቢቆይ የድሮ ማሽን ሰብሳቢዎች ይጋደሉበት ነበር። አሁን ሣር ማጨጃ ነው። የአጎቴ ነገር! ለሴትዮዋ ብሎ አበላሸው። ደግነቱ ጌይለርድ እንደዚያም ሆኖ እወስደዋለሁ ብሎኛል። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው ብሎ ሦስቴ ደወለልኝ፤ እኔ ራሴ እንኳ እንዳልነካው።»

ጌይለርድ ፎስ የሟቹ የረጅም ዘመን ጓደኛ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ በአንድ ፒክአፕ፣ ከአንድ ፔርሙዝ እየጠጡ፣ የሞቱ ገበሬዎችን ጨረታ ሲዞሩ ነው ያረጁት። የሚፈልጉት አንድ ነገር ነበር፤ ተገዝቶ ሳይሠራበት የቀረ የጓሮ ትራክተር። አግብቶ የማያውቀው ጌይለርድ ጎተራውን እንደ ሆስፒታል ክፍል አንጽቶ ይዟል። ማሽኖቹ በመስመር ቆመዋል። መቀመጫቸው ላይ የፋብሪካው ላስቲክ እንኳ አልተቀደደም።

«የትኞቹ ይሠራሉ?» አለች ቬልማ።

«ሁሉም ይሠራሉ። አንዳቸውም ሠርተው አያውቁም።»

«እንዴት ይታወቃል?»

ሽማግሌው ፊቱ በራ። እዚያ ጎተራ ውስጥ ጥያቄ የጠየቀው ሰው ከነበረ ቆይቷል።

«ነይ ወዲህ አንቺ ልጅ። ሌላው ሰው ጎማውን ያያል፣ መቀመጫውን ያያል። እኛ መጀመሪያ የምናየው ማርሚታውን ነው። ጭሱ የሚወጣበት ይኼ ቱቦ። ፋብሪካው ተራ ቀለም ይቀባዋል። ሞተሩ አንዴ ከሞቀ ቀለሙ ያርራል፣ ይላጣል። መልሰሽ ብትቀቢው ያስታውቃል። ይኼን እዪ፤ እንደ ሕፃን ቆዳ!»

«ተነሥቶ የሚያውቅ ማሽን ገዝተው ያውቃሉ?»

«እኔ? አያድርገው! አንዴ ከተነሣማ ምኑን ሰበሰብኩት?»

«ኦርቪልም እንደዚህ ያስብ ነበር?»

ጌይለርድ ጨርቅ አውጥቶ ንጹሑን ማሽን መጥረግ ያዘ። «ነበር» አለ። «እስከ መከር ድረስ። ከዚያ ወዲህ ጨረታ የምሄደው ብቻዬን ነው።»

ቬልማ ከዚያ በቀጥታ ወደ ኦርቪል መጋዘን ተመለሰች። ከቀዩ ትራክተር ፊት ተቀምጣ ማርሚታውን አየች። የማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍታ አሸተተች። ከዚያም ስልኳን አወጣች።

በማግስቱ ጠዋት አራት ሰዎች እዚያው መጋዘን ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ኢርማ፣ ክሬግ፣ ጌይለርድና አስከሬን መርማሪው። ውርጩ ስለበረታ ሁሉም እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተዋል። ሁለት የሸሪፉ ሰዎች በሩ ላይ ቆመዋል።

«ብዙ አላቆያችሁም» አለች ቬልማ። «ቅዳሜ የሆነውን ደግመን እናያለን። ቤንዚን እንጨምርበትና እናስነሣው።»

ኢርማ ዓይኗን ጨፈነች።

«ለምን ታስጨንቂያታለሽ?» አለ አስከሬን መርማሪው። «ምክንያቱን ነግሬሻለሁ እኮ።»

«ክሬግ፣ ማሽኑ ያንተ ነው። ትፈቅዳለህ?»

«ኧረ አስነሺው! ያው የሆነው ሆኗል። ገዢም ቢሆን ድምፁን ይስማ።»

ቬልማ ጀሪካኑን አነሣች። የማጠራቀሚያውን ክዳን ፈታች። አፉን ጠጋ አደረገችው።

«አትንኪው!»

ጌይለርድ ነበር። ክንዷን ጨብጧል።

«ለምን አቶ ጌይለርድ?»

«አታፍስሺበት! ጠብታ አይግባበት! ማርሚታው…»

ዓይኑ ቱቦው ላይ ነው።

«ማርሚታው ምን?» አለች ቬልማ በዝግታ። «ቅዳሜ ቤንዚኑ እስኪያልቅ ሲሠራ የዋለ ማሽን ነው። ማርሚታው አሯል፣ ቀለሙ ሄዷል። ሁላችሁም ያላችሁኝ ይኼንን ነው። ዛሬ እንደገና ቢነሣ ምን ይቀርበታል?»

ቬልማ ክንዷን ቀስ ብላ አስለቀቀችና ጀሪካኑን መሬት ላይ አኖረች።

«ዶክተር፣ እዚህ ጎንበስ ብለው ይዩ። ቱቦው ምን ይመስላል?»

አስከሬን መርማሪው መነጽሩን አወረደ። «ነጭ ነው። አዲስ ቀለም።»

«አንድ ደቂቃ እንኳ የሞቀ ቀለም አይደለም። አሁን ማጠራቀሚያውን ያሽትቱ።»

«ምንም አይሸትም።»

«ቤንዚን ያለቀበት ማጠራቀሚያ ለሳምንት ይሸታል። ይኼኛው ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ቤንዚን አልገባበትም። ስለዚህ ቅዳሜ ሞተሩ አልተነሣም። ካልተነሣ አልዘለለም። ካልዘለለ ኦርቪልን የገፋው ማሽኑ አይደለም፤ ማሽኑን በእጁ ገፍቶ ሬሳው ላይ ያስደገፈው ሰው ነው። ቁልፉን የከፈተው፣ ማርሹን ያስገባው፣ ጀሪካኑን ያቆመውም እሱ ነው።»

«እኔን እንዳትዪኝ ብቻ» አለ ክሬግ።

«አንተንማ መጀመሪያ ጠርጥሬህ ነበር። በኋላ ግን አሰብኩ። ይኼን አደጋ ለማስመሰል ቀላሉ መንገድ የቱ ነው? ቤንዚን ጨምሮ ገመዱን መሳብ። ሞተሩ ሠርቶ ይጠፋል፤ እኔም ዛሬ የማሳየው ነገር አይኖረኝም። ትራክተር የማያውቅ ሰው ቢሆን ይኼንኑ ያደርግ ነበር። ክሬግም ቢሆን ያደርግ ነበር፤ ምክንያቱም እስከ አሁን ደቂቃ ድረስ ማሽኑ ተነሥቷል ብሎ ነው የሚያምነው። አስነሺው ያለኝ ለዚያ ነው። ሰው ገድሎ፣ ማምለጫው አንድ ገመድ መሳብ ሆኖ ሳለ፣ ገመዱን ለመሳብ እጁ እምቢ ያለው ሰው ማነው?»

ሁሉም የሚያየው ወደ አንድ ሰው ነበር።

«ሌላም አለ» አለች። «ቅዳሜ በኦርቪል ቱታ ዘለበትና በማሽኑ ፊት መካከል አራት የታጠፈ ጨርቅ አገኘሁ። ሲወለውልበት የነበረ መስሎኝ ነበር። ግን ማሽን እየገፋው ያለ ሰው ጨርቅ አጥፎ ደረቱ ላይ ለማድረግ ጊዜ ከየት ያመጣል? ጨርቁን ያስገባው ሌላ ሰው ነው፤ ዘለበቱ ቀለሙን እንዳይጭረው። አቶ ጌይለርድ፣ የተነሣ ማሽን አልገዛም ብለውኛል። ይኼኛውን ግን ማንም እንዳይነካብኝ ብለው ክሬግን ለመኑ። አለመነሣቱን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነበሩ።»

ጌይለርድ ማንንም አላየም። የሚያየው ትራክተሩን ነበር።

«ገመዱን ይዞት ነበር» አለ። «ልክ ስገባ፣ ገና ቤንዚን ሳይጨምር ገመዱን ይዞ ይሥቃል። ተው አልኩት። ከዓለም ላይ ያልተነካ ነገር ይኼ ብቻ ነው የቀረው፣ ለሴት ብለህ ታቃጥለዋለህ? አልኩት። ጌይለርድ፣ ነገ አብረኸኝ ና፣ ኢርማ ሥጋ ትጠብሳለች አለኝ። እኔን! እንደ እንግዳ ሊጋብዘኝ! ገፋሁት። ጭንቅላቱ ግድግዳው ላይ…»

«ወዲያው ሞተ?»

«ይተነፍስ ነበር።»

«ስልኩ እዚህ ግድግዳ ላይ ነው» አለች ቬልማ።

«አይቼዋለሁ።»

ይኼ ነው እንግዲህ። በሕይወት ያለ ጓደኛው እግሩ ሥር ወድቆ ሲተነፍስ፣ ይኼ ሰው በመጋዘኑ ውስጥ ተዘዋውሮ የፈለገው ስልክ ሳይሆን ጨርቅ ነው። ብቸኛ ነበር፣ ያሳዝናል የሚሉ አሁንም አሉ። ብቸኛማ ነበር። ኦርቪልም ብቸኛ ነበር፤ እሱ ግን ገመዱን ሊስብ ወሰነ። ብቸኝነት ሰውን ለብረት እንዲሠዋ ፈቃድ የሚሰጥ ከሆነ፣ በዚህ ወረዳ ከመከር እስከ ጸደይ በሕይወት የሚተርፍ ሰው አይኖርም።

ጌይለርድን ይዘውት ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብሎ ለክሬግ፣ «እርጥበት እንዳያገኘው» አለው። ክሬግ ፊቱን አዞረ።

ቬልማ ኢርማን በመኪናዋ ወደ ቤቷ ወሰደቻት።

«የጠየቁኝን አሁን ልመልስልዎ እችላለሁ» አለች ቬልማ። «እርስዎ አልገደሉትም።»

«ሰማሁ፣ ልጄ። ግን ኦርቪልም የማሽኑን ድምፅ ሳይሰማው ሞተ ማለት ነው።» ኢርማ በመስኮቱ ወደ ውጭ ታያለች። ካፌው ደጅ ፒክአፖች ተደርድረዋል። «እዚህ ጋ አቁሚልኝ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«አቁሚ አልኩሽ።»

ምሳ ሰዓት ስለሆነ ካፌው ሞልቷል። ኢርማ ስትገባ የማንኪያው ድምፅ ጠፋ። ዓይኑን ሳህኑ ላይ ያልጣለ ወንድ አልነበረም። ኢርማ መሀል ካለው ባዶ ጠረጴዛ ሄዳ ካፖርቷን አወለቀችና ተቀመጠች።

«ኦርቪልን ማሽኑ አልገደለውም» አለች፣ ሳትጮህ። «እኔም አልገደልኩትም። ማን እንደገደለው እስከ ማታ ትሰማላችሁ፤ እናንተ መስማት አያቅታችሁም። በረዶ ላይ ኬክ አስቀምጣችሁ የሮጣችሁትን ሁሉ ከመጋረጃዬ ጀርባ ሆኜ አይቻችኋለሁ። ኬክ ይበቃኛል። አሁን ከእናንተ አንዱ መጥቶ ከእኔ ጋር ይቀመጥ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። አስተናጋጇ እንኳ ማንቆርቆሪያዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ቬልማ በሩ ላይ ሆና ልትገባ ፈለገችና ተወችው፤ የእሷ ወንበር እንዳልሆነ ገብቷታል።

ብዙ ቆይቶ ጥግ ላይ ከነበሩት አንዱ ጆሮው እንደቀላ ሳህኑን ይዞ ተነሣ።