አውሮፕላን የተሳፈረ ውሃ

«እስቲ አንዴ ልጎንጭ፤ የእኔ አልቋል» ብላ ልዕልት እጇን ስትዘረጋ፣ ሚጡ ክው አለች። «ልዕልት» የክፍሉ ልጆች ያወጡላት ስም ነው፤ ሲያንሳት ነው።

ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ባሕር ማዶ የታሸገ ውሃ የያዙት ናቸው። ማንም ሕግ አላወጣም፤ ግን የቧንቧ ውሃ የሚጠጣ ልጅ እዚያ ቁጭ ብሎ የታየበት ቀን የለም። ውሃ እኮ ነው፣ ጎበዝ! አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚመጣ ውሃ!

ሚጡ ከወንበሩ ጥግ ቦታ ያገኘችው በአረንጓዴው ጠርሙሷ ነው። አባቷ የሆቴል አስተናጋጅ ነው፤ እንግዶቹ ጠጥተው የተዉትን ባዶውን ጠርሙስ ያመጣላታል። ውሃው ግን ከጓሯቸው ቧንቧ የተቀዳ ነው። ይህ እንዳይታወቅባት ቤቷ ማንንም ጠርታ አታውቅም፤ ብዙም አታወራ። መሃላቸው ተቀምጣ ብቻዋን ነበረች።

ልዕልት ጎንጨት አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። «ውይ፣ ውሃ ማለት ይሄ ነው! የእኛ ቧንቧማ ዝገት ዝገት ይላል።»

«በጣም እንጂ!» አሉ ሌሎቹ ተቀባብለው።

ሚጡን ሳቅ አፈናት። ወዲያው ደግሞ ሆድ ባሳት፤ ይህን የመሰለ ቀልድ የምትነግረው አንድ ሰው እንኳ የላትም።

«ነገ ለእኔም አምጪልኝ፣ እሺ የኔ ቆንጆ?» አለች ልዕልት።

ማታ አባቷን «ሁለት ጠርሙስ ፈልጌ ነበር፤ አንዱ ለ... ለጓደኛዬ» ስትለው ፊቱ በራ።

«ጓደኛ አገኘሽ በይኛ! እኔ እኮ ይቺ ልጅ ምን ሆና ነው ሰው ይዛ የማትመጣው እያልኩ ስጨነቅ!» ራሱ አጥቦ፣ ራሱ ሞልቶ፣ በፎጣ ወለወለላት። ሁኔታው አንጀቷን በላው።

በማግስቱ ልዕልት ገና ከሩቅ «አመጣሽልኝ?» አለቻት።

«አመጣሁ።» ሚጡ ጠርሙሱን ዘረጋችላት። «የቤታችን ቧንቧ ውሃ ነው። ጠርሙሱን አባዬ ከሚሠራበት ሆቴል ነው የሚያመጣው። ትናንት የጠጣሽውም እሱ ነው።»



«ትቀልጃለሽ!» አለች ልዕልት።

«አልቀለድኩም።»

የልዕልት እጅ አየር ላይ ቀረ። አንዷ ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች፤ ሌላዋ አፏን በእጇ ያዘች። የሚጡ ፊት እሳት ሆነ። ሮጣ መጥፋት አማራት፤ እግሯም ጀምሮት ነበር። ከዚያ ጠርሙሱን መሃላቸው አስቀመጠችና ከልዕልት አጠገብ ቁጭ አለች።