የአራተኛው ፎቅ ግጥም

ሠዓሊ ቴዎ፣ ሀይሌ ጋርመንት ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ካለ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ወድቆ ሲሞት፣ እጁ ላይ የነበረው ሰማያዊ ቀለም ገና አልደረቀም ነበር። የገጣሚ ሲራክን ግጥም ከነሥዕሉ የውጭ ግድግዳው ላይ፣ የእንጨት መወጣጫ ላይ ቆሞ እየሠራ ነበር። የሰፈሩ ሰው ምን ገዶት፣ ወዲያው ፈረደ፤ የሌሊት ዘበኛው ጋሽ ነጋ የመወጣጫውን የጀርባ መደገፊያ እንጨት ለማገዶ ነቅሏል ተባለና ታሰረ። ዘበኛ መወንጀል መቼም ቀላል ነው።

የሟቹ እህት ሄርሜላ ግን የኢንስፔክተር ትሩፋትን ክንድ ይዛ አልለቅም አለች። «የገደለውን ሰው እሰሪልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ትሩፋት መወጣጫው ላይ ወጣች። የተነቀለው እንጨት እዚያው ርብራቡ ላይ ተጋድሟል፤ ሁለቱም ጫፉ ላይ ሰማያዊ የጣት ምልክት አለ። የግጥሙ መጨረሻ ሁለት ስንኞች ደግሞ በነጭ ቀለም ተሸፍነዋል። ወርዳ ሄርሜላን ጠየቀቻት።

«ስንኞቹን ማን አጠፋቸው?»

«ቴዎ ነው። ባለሕንፃው እዚያ ጋ ማስታወቂያ ይሁን ሲለው እሺ አለ። ሲራክ ትናንት ሲያይ ሊያብድ ነበር።»

«አብራችሁ ስትሠሩስ እንዴት ነው?»

«ላይ ሆኖ ሙሉው ሥዕል አይታየውም። እኔ ከአስፋልቱ ማዶ ቆሜ በስልክ እመራዋለሁ፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ኋላ እለዋለሁ። ዓይኑ ግድግዳው ላይ ነው፤ ጆሮው እኔ ጋ።»

«ዛሬ ጠዋትስ?»

ሄርሜላ አንገቷን ደፋች። «ሲራክ ልታረቅ ብሎ መጣ። እሱ ይምራው ብዬ ስልኬን ሰጥቼው ቁርስ ልገዛ ሄድኩ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሕንፃው ሥር ተሰበሰቡ። ጋሽ ነጋም በካቴና መጣ።

«ዘበኛው ለማገዶ ቢነቅለው ይወስደዋል እንጂ እላይ አያጋድመውም» አለች ትሩፋት። «ሰማያዊው ቀለም ደግሞ የተበጠበጠው ዛሬ ጠዋት፣ እሱ ተራውን ጨርሶ ከሄደ በኋላ ነው። የነቀለው ቴዎ ራሱ ነው። ሠዓሊ መደገፊያውን በገዛ እጁ የሚነቅለው ለምንድን ነው? ከማዶ የሚመራው ሰው፣ እንጨቱ ሥዕሉን ጋረደብኝ፣ ፎቶ ላንሳ ሲለው ነዋ። ቴዎ እሺ ብሎ ነቀለና ወደ ሥራው ዞረ። ቀጥሎ ያ የለመደው ቃል መጣ፤ ትንሽ ወደ ኋላ። እንደ ልማዱ ታዘዘ።»

ሁሉም ወደ ሲራክ ዞሩ።

«ሁለቱ ስንኞች ስለ እናቴ ነበሩ» አለ ሲራክ፣ ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ። «ግን ኢንስፔክተር፣ ወደ ኋላ ብለውም ባልለውም፣ የሰማኝ እሱ ብቻ ነው።»

ትሩፋት የጋሽ ነጋን ካቴና ፈታች።

«ይሄንንስ አታስሪውም?» አለች ሄርሜላ።

«ዛሬ ባስረው ነገ ይለቁታል። ስልኩ መደወሉን እንጂ የተባለውን አይናገርም። ምስክር የለኝም፣ እህቴ።»

«እኔ እመሰክራለሁ።»

«ምን ሰማሽ?»

ሄርሜላ ያን ሰዓት ቁርስ ቤት ወረፋ ይዛ ነበር።

«ምንም» አለችና መሬት ላይ ቁጭ አለች። ሲራክ አስፋልቱን ተሻግሮ ሄደ፤ ያስቆመው ሰው አልነበረም።