የደብረ ቀለበት ቅጥር

ሔራኒት ከኮረብታው ግርጌ፣ ምንጩ ዳር ተቀምጣ እግሯን ትታጠባለች። የመንገድ አቧራ ይዞ ወደ ደብረ ቀለበት ገዳም መግባት ነውር ነው። የአጎቷ ልጅ ጉርማ የተሰረቀውን የድንጋይ ደወል በጀርባው እንዳዘለ ቆሞ ይጠብቃታል። ደወሉን ከጨው በረሃ ሽፍቶች ለማስመለስ ሦስት ሆነው ወጥተው ነበር፤ አንዱን እዚያው ቀብረው ተመለሱ።

«ፍጠኚ እንጂ እቴ! ይህ ድንጋይ ሚስት ሳላገባ ያጎብጠኛል።»

ሔራኒት ሳቀች። ቀና ስትል ግን ሳቋ እዚያው ደረቀ።

ክቡ መቅደስ በመካከል አለ። በስተምሥራቅ የመሥዋዕቱ ኅብስት የሚጋገርበት ቤት፣ በስተምዕራብ እናቶች የሚመገቡበት አዳራሽ፣ እሳት እንዳይደርስበት የተገለለው ዕቃ ቤት፣ ቁልቁለቱን ይዘው የተደረደሩት የጸሎት ጎጆዎች፤ ሁሉም በየቦታው ነው። ቅጥሩ ግን የለም። በየዓመቱ በገዛ መዳፏ ኖራ የምትለስነው፣ በልጅነቷ ተደግፋው ያንቀላፋችበት ታላቅ ግንብ የለም።

«ፈረሰ?» አለ ጉርማ።

«ፍርስራሹስ?»

ፍርስራሽ አልነበረም። ቅጥሩ የቆመበት መሬት፣ አንባር እንደወለቀለት ክንድ ነጥቶ ኮረብታውን ዞሯል።

እመ ምኔቷ እማሆይ ጽርሐ በሩ በነበረበት ባዶ ስፍራ ቆመው ነበር።

«ልጆቼ፣ ቅጥሩ ግንብ አልነበረም፤ ዘንዶ ነው። የጥንት እናቶቻችን በደወሉ ድምፅ አስተኝተው፣ ዓይኑን በኖራ አሽገው፣ ገዳሙን በእቅፉ ውስጥ ሠሩ። ‹ድንጋዩ ዝም ሲል ቅጥሩ ይነሣል› ተብሎ ነበር፤ እኛ ምሳሌ መሰለን። ደወሉ ከተሰረቀ ወዲህ እንቅልፉ እየሳሳ ሄዶ፣ ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ተነሣ። ወደ ወንዙ መንደሮች ወርዷል።»

ሔራኒት መዳፎቿን አየች። በሩ አጠገብ ልስኑ ሁልጊዜ የሚሰነጠቅባቸው ሁለት ቦታዎች ነበሩ። ስንት ዓመት የዘንዶ ዓይን ስትዳብስ ኖራለች!

እማሆይ ደወሉን ከመቅደሱ ደጅ አሰቅለው መቱት። ከሸለቆው የናዳ ድምፅ መለሰላቸው። ዘንዶው ነጭ ልስኑ ከጀርባው እየተቀረፈ ኮረብታውን ወጣ፤ በጥንት ዱካው ላይ ዞሮ ተጋደመ። እንቅልፍ ከጅራቱ ጀምሮ ሰውነቱን ድንጋይ አደረገው። ጭንቅላቱ ግን አልተኛም። ወደ መቅደሱ ዞረ።

ጉርማ ጋሻውን ከነክንዱ በዘንዶው መንጋጋ መካከል ሰነቀረ።

«የአገሬ የዘማራ ንጉሥ ይሙት፣ ከዚህ አታልፍም!»

ሔራኒት ለዓመቱ ልስን ኖራ የተበጠበጠበትን ቅል ከዕቃ ቤቱ ይዛ ሮጠች። የዘንዶውን ቀኝ ዓይን ለሰነች። ያን ጊዜ ድንጋይነቱ ከዘንዶው መንጋጋ አልፎ ወደ ጉርማ ክርን ተሻገረ።

«ክንድህን አውጣ!»

«አንድ ዓይን ቀርቷል።»

«ጉርማ!»

«እቴ፣ ከለቀቅሁት መቅደሱን ከነእናቶቹ ይውጠዋል። ለስኚ!»

ለሰነች። የዘንዶው ዓይን ሲከደን ድንጋይነቱ የጉርማን እግር ይዞ ከደረቱ ደርሶ ነበር። ጉርማ በሩ ላይ እንደ ምሰሶ ተተከለ።

«እንዳልኩሽ፣ ሚስት ሳላገባ» አለ ለመሳቅ እየሞከረ። «ፊቴን አደራ፤ አሳምረሽ ለስኚው። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው እኔን ነው።»

ከዚያ በኋላ የተሰማው ደወሉ ብቻ ነበር።

ሔራኒት እንባ አልመጣላትም። በቅሉ የቀረውን ኖራ በመዳፏ ጠርጋ ግንባሩን፣ ጉንጩን፣ ግማሽ የቀረ ፈገግታውን በዝግታ ለሰነች። ስትጨርስ ባዶውን ቅል ከእግሩ ሥር ደፍታ አስቀመጠችው።